የማይሰማ ድምፅና የማይጠራ ጠላ

የደፈረሰ ጠላ በድምፅ ይጠራል ብሎ ያመነ ሰው አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ እኔን እዩኝ። ቤቴ ከአየር ጤና ወደ ቤቴል ሲኬድ ገባ ብሎ ነው። ምልክት ካስፈለጋችሁ «ያቺ ጠላ ያጨሰችው ሴትዮ» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሕፃን ሳይቀር ያሳያችኋል። ጠላ አላጨስኩም። ይህንን የምጽፈው በከፊል ይህንኑ ለማስተካከል ነው፤ ያልተስተካከለ ነገር ሲያልፍ ማየት አልችልም።

ዝምተኛ ነኝ። ሰው ጨዋነት ይለዋል፤ እውነቱ ግን ሌላው ሲያወራ እኔ በልቤ እየቆጠርኩ ስለሆነ ነው። ደረጃ ስወጣ እቆጥራለሁ። ሽሮ ስሠራ የማንኪያውን አፍ በቢላ ጠርጌ እለካለሁ። ትምህርትም የጀመርኩት ሰው በሚጨርስበት ዕድሜ ነው። በአንድ የግል ኮሌጅ ላቦራቶሪ ውስጥ ለዓመታት ብርጭቆ ሳጥብ ኖሬ፣ አንድ ቀን «እዚህ ብርጭቆ ውስጥ የነበረው ምንድነው?» ብዬ ጠየቅኩ። መልሱ ከስምንተኛ ክፍል ላቋረጠ ሰው የሚገባ አልሆነም። ስለዚህ ዘጠነኛ ክፍል ገባሁ። አሁን አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ በዚያው ኮሌጅ የቅዳሜና እሑድ ተማሪ ሆኜ ባዮቴክኖሎጂ እማራለሁ። ብርጭቆውን አሁንም የማጥበው እኔው ነኝ። ልዩነቱ ውስጡ የነበረውን ማወቄ ነው፤ አንዳንዱን ባላውቀው ይሻለኝ ነበር።

ወደ ጠላው ልመለስ።

እናቴ የሚካኤል ማኅበርተኛ ነበረች። አሥራ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ወር በገባ በአሥራ ሁለት በየተራ ይደግሳሉ። ተረኛው ጽዋውን ተረክቦ ከቤቱ ያኖርና በወሩ ደግሶ ለሚቀጥለው ያስረክባል። እናት ስታርፍ ልጅ ቦታዋን ይተካል። ይተካል ማለት ግን መጥቶ ይቀመጣል ማለት አይደለም፤ መጀመሪያ ደግሶ መታየት አለበት። የእናቴ ጠላ ደግሞ ስም ነበረው። «የእሷ ጠላ ብርጭቆ ውስጥ መኖሩ የሚታወቀው ሲጠጡት ነው» ይባልላት ነበር። ጠላ ቡናማ ስለሆነ አባባሉ ትክክል አይደለም፤ ግን ሐሳቡ ገብቷችኋል።

የማኅበሩ ሙሴ እማማ ጥሩነሽ ናቸው። ሙሴ የሚባለው መሪው ነው፤ ሴትም ብትሆን ሙሴ ናት። እማማ ጥሩነሽ «ደብተር የያዘ እጅ ጌሾ አይወቅጥም» ብለው ገና ሳልጀምር ፈርደውብኛል። ጽዋውን ያስረከቡኝ ዕለት እጄን ጨብጠው ይዘው እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ ጠላሽ ቢደፈርስ አልቀየምሽም። የእናትሽን ቦታ ግን ለአክስትሽ ልጅ እሰጥብሻለሁ። እሷ ደብተር የላትም።»

እናቴ ከዚህ ዓለም ትታልኝ የሄደችው ሁለት ነገር ነው፤ አንድ ጋንና በዚያ ማኅበር ውስጥ አንድ ወንበር። ጋኑ የእኔ ነው። ወንበሩ ገና ፈተና ነበረበት።

እንግዲህ ጠመቅኩ። ጌሾውን በሚዛን፣ ብቅሉን በሚዛን፣ ውሃውን በሊትር። ከላቦራቶሪ ያረጀ ቴርሞሜትር ለምኜ አመጣሁና ጠዋት ጠዋትና ማታ ማታ ጋኑን እየከፈትኩ ሙቀቱን ለካሁ። በረጅም የብርጭቆ ቱቦ ከላይ፣ ከመሐልና ከታች እየቀዳሁ መልኩን መዘገብኩ። እማማ ጥሩነሽ የሰጡኝ ምክር አንድ ብቻ ነበር፤ «ጋኑን አትነካኪው»። እሱንም ደብተሬ ላይ አስፍሬዋለሁ። እንዲህ ይላል፦ «ጋኑን አለመንካት። ምክንያት አልተገለጸም።» ምክንያት ያልተገለጸለትን ነገር ሳይንስ ለጊዜው ወደ ጎን ያስቀምጠዋል። እኔም አስቀመጥኩት።

ማኅበሩ ስምንት ቀን ሲቀረው ጠላው የሐምሌ ጎርፍ መስሎ ተገኘ።

ያ ቀን ቅዳሜ ነበርና ክፍል ገባሁ። መምህር ሄኖክ ዕድሜያቸው ከእኔ በአሥራ ስምንት ዓመት ያንሳል። እኔ መምህሬ ናቸው ብዬ «እርስዎ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ታላቃቸው ነኝና «እርስዎ» ይሉኛል፤ ሁለታችን ስንነጋገር ችሎት የቆምን እንመስላለን። የዚያን ቀን ትምህርት ሕዋሳትን በድምፅ ስለ መለየት ነበር። አምላኬ ሆይ፣ ከቀኑ ሁሉ ያን ቀን!

«ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ነው» አሉ፣ ሰሌዳው ላይ አንዲት ጠባብ ብርጭቆ እየሣሉ። «ከዚህ ወገን ይነሣል፤ ከዚያኛው ግድግዳ ነጥሮ ይመለሳል። ሂያጁና ተመላሹ ሲገናኙ ፈሳሹ ውስጥ ግፊቱ የሚናወጥበት ቦታና ግፊቱ ጸጥ የሚልበት ቦታ ይፈጠራል። ሕዋሳቱ ከሚናወጠው ተገፍተው ጸጥ ወዳለው ይሰበሰባሉ። ደም ይሁን፣ እርሾ ይሁን፤ ያለ ወንፊት፣ ያለ መድኃኒት፣ ሳይጎዱ ይለያሉ።»

«እርሾ ነው ያሉት?» አልኩ።

«እርሾ።»

«የጠላ እርሾም?»

ክፍሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «እርሾ እርሾ ነው» አሉ።

ያጠፋችኝ ይህቺ ቃል ናት። ከዚያ በኋላ ስድስት ጥያቄ ጠየቅኩ። የመጨረሻው «በአንድ ጊዜ ምን ያህል ይለያል?» የሚል ነበር። «እኛ ባለን ዕቃ? ጠብታ ጠብታ» አሉ። አምስቱን መልስ በጥንቃቄ ጻፍኩ። ስድስተኛውን አልጻፍኩትም፤ ያልጻፍኩት ነገር ደግሞ እኔ ዘንድ እንዳልተባለ ይቆጠራል።

ግድግዳ የምትጋራኝ ጎረቤቴ ዘይነባ ናት። አየር ጤና የቤት ዕቃ መሸጫ ሱቅ አላት። ከእኔ ጋር የሚያመሳስለን ዕድሜያችን ብቻ ነው፤ እኔ የማልናገረውን ሁሉ እሷ ትናገርልኛለች። በማግስቱ ሱቋ ሄድኩ።

«ዘይነባ፣ ድምፅ የሚያወጣ ዕቃ አለሽ?»

«ራዲዮ አለ፣ የጭማቂ መፍጫ አለ፣ ባሌ አለ።»

«ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ነው የምፈልገው።»

«እሱማ እኔ ነኝ! ቤት ውስጥ ስናገር ማን ይሰማኛል?»

ነገሩን አስረዳኋት። እርሾውን ከጠላው ለመለየት እንደሆነ ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «መለየት ከሆነ ችግርሽ ቆሼ ቆሻሻ መጣያው ላይ የሚሠሩትን ሰዎች ጠይቂ። ላስቲኩን ከብረቱ፣ ብረቱን ከአጥንቱ በዓይናቸው ይለያሉ። አንድም ድምፅ አያሰሙም» አለች። ቢሆንም ከመደርደሪያው ጥግ አቧራ የጠጣች ሳጥን አወረደችልኝ። መነጽርና ወርቅ የሚያጥብ ገንዳ ነበር፤ የሚሠራውም በማይሰማ ድምፅ ነው። «ማንም አልገዛው አለ፤ ውሰጂና ጆሮውን ስጪው» ብላ አስታቀፈችኝ።

ቤት ገብቼ አንድ ጆግ ጠላ ገንዳው ውስጥ ገለበጥኩ። ደብተሬን ገለጥኩ፤ ሰዓቱን ጻፍኩ፤ በደንብ ለማየት አጎነበስኩና ቁልፉን ተጫንኩ።

ጠላ ውስጥ የታመቀ አየር መኖሩን አውቃለሁ፤ ፈተና ላይም መልሼዋለሁ። ያላወቅኩት አየሩ በሙሉ በአንድ ጊዜ ለመውጣት የሚጠብቀው አንድ ምልክት ብቻ መሆኑን ነው። አረፋው ክዳኑን ተሸክሞ ተነሣ። ጠረጴዛው ላይ ወጣ፣ ደብተሬን ተሻገረ፣ በጠረጴዛው እግር ወርዶ ምንጣፉ ላይ ዐረፈ። እኔም ስደናገር መነጽሬ ከፊቴ ወልቆ ገንዳው ውስጥ ገባ። አጥፍቼ፣ ጠርጌ፣ ሁሉም ሲረጋጋ መነጽሬን አውጥቼ አደረግኩት። እንደዚያ ጠርቶ አያውቅም። በጠራው መነጽር ጠላውን አየሁት፤ ከቅድሙ ብሶ ደፍርሷል።

ደብተሬ ላይ «የሚያጥብ ድምፅና የሚለይ ድምፅ አንድ አይደሉም» ብዬ ጻፍኩ። ዛሬም የማላፍርበት ዐረፍተ ነገር ነው። ማጠቢያው የተሠራው ለማናወጥ ነው፤ እኔ የምፈልገው ደግሞ ጸጥታ ያለበትን ድምፅ ነው። እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ ዛሬ ስሜ በሰፈሩ ሌላ ነበር።

ማክሰኞ ዘይነባ ጉንፋን ለያዘው ሰው ክፍል የሚያረጥብ ዕቃ ከራሷ ቤት አመጣችልኝ። ውሃ ይሞላል፣ ከሥሩ ያለች ሳንቲም የምታክል ዝርግ ነገር በማይሰማ ድምፅ ትርገበገባለች፣ ውሃው ጉም ሆኖ ይወጣል። የእኔ ሐሳብ ያቺን ዝርግ ነገር ፈትቼ መውሰድ ነበር። ዘይነባ ግን «ካልፈታሽው ብቻ ነው!» ብላ አስምላኝ ሄደች። ቃል ቃል ነው። ስላልፈታሁት ጠላውን እንዳለ ሞላሁበት።

ለአንድ ደቂቃ ምንም አልሆነም። ከዚያ ከአፉ ቀጭን ነጭ ነገር ብቅ አለ፤ ወፈረ፤ እንደ ጠዋት ጉም ወለሉ ላይ ተኛ። አስቡት፤ ጠላዬ መሬት ለመሬት እየሄደ ነው! ልከታተለው ተነሣሁ። እስኪ ወዴት ይሄዳል ብዬ መስኮቱን የከፈትኩትም እኔው ነኝ። ነፋሱ ከወደ ዘነበወርቅ ነበርና ይዞት ወደ ዘይነባ ግቢ ገባ።

ብዙ አልቆየችም። የሻሿን ጫፍ አፍንጫዋ ላይ ይዛ በሬ ላይ ቆመች።

«አንቺ ሴትዮ! እኔ በዕድሜዬ ጠላ ቤት ደጃፍ ቆሜ አላውቅም። ዛሬ ጠላው ራሱ እግር አውጥቶ ቤቴ መጣ!»

«ጉም ነው» አልኳት።

«ጉምነቱማ ይታየኛል! ያጠብኩት ልብስ ጌሾ ጌሾ ይላል። አማቴ ነገ ትመጣለች፣ ምን ልበላት?»

«ሳይንስ ነው በያት።»

«ሳይንስማ አልላትም። ቆሼ ነው እላታለሁ። የሰፈሩን ሽታ ሁሉ ቆሼ ላይ መጣል ለምደናል፣ ይቺንም ይቻላት።»

የዘይነባን ልብስ መልሼ ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ ሦስት ጊዜ። ሦስተኛው አያስፈልግም ነበር፤ እርግጠኛ ለመሆን ነው። ወሬ ግን አይታጠብም። ከመስኮቴ ነጭ ነገር ሲወጣ ያየ ሰው ነበረ። ከሰፈር ሳይወጣ «ጠላ አጨሰች» ተባለ፤ አየር ጤና ፌርማታ ሲደርስ «አረቄ ታወጣለች» ሆነ፤ እማማ ጥሩነሽ ጆሮ ሲገባ ደግሞ ሁለት በርሜል አረቄ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት በምርኩዛቸው በሬን ቆረቆሩ። ገቡ። አልተቀመጡም። ምንጣፉን አዩ፣ ገንዳውን አዩ፣ የጉም ማውጫውን አዩና በቀጥታ ወደ ጋኑ ሄደው ክዳኑን አነሡ። አጎንብሰው አሸተቱ። ሰው ሲሞት እንኳ እንደዚያ አያጎነብሱም።

«ስንት ጊዜ ከፈትሽው?»

ደብተሬን ገለጥኩ። «ሃያ ሦስት ጊዜ።»

«ለምን?»

«ለመለካት።»

«ለክተሽ ምን አገኘሽ?»

«መደፍረሱን።»

ክዳኑን መለሱት። «እናትሽ ቀለም አልቆጠረችም» አሉ ቀስ ብለው፣ «ጠላዋ ላይ ግን ፊታችንን እናይ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እንመጣለን። ያኔም እንዲህ ከሆነ ጽዋውን እዚያው እቀበልሻለሁ።» በሩ ላይ ደርሰው ዞር አሉ። «አትንኪው ብዬሽ ነበር። አሁንም አትንኪው።»

ምክንያቱን አሁንም አልነገሩኝም።

ሐሙስ ኮሌጅ ብርጭቆዬን አጥቤ እንደጨረስኩ መምህር ሄኖክን ጠየቅኳቸው። ለሠርቶ ማሳያ የሚጠቀሙባትን ዕቃ አስፈርመው አዋሱኝ፤ አንዲት አራት ማዕዘን ትንሽ ብርጭቆ ናት፤ ጎኗ ላይ ያቺው የምትርገበገብ ሳንቲም ተለጥፋለች፤ የድምፁን ቅጥነት የሚያስተካክል ማዞሪያ ያለው አንድ ሳጥን አብሯት አለ።

«ይህ ለማሳያ ነው» አሉኝ። «ለጋን አይደለም።»

«ገብቶኛል» አልኳቸው። አልገባኝም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ቤቴ ገብቼ ከጋኑ በማንጠብጠቢያ ትንሽ ጠላ ቀዳሁ፤ በውሃ አቅጥኜ ብርጭቋ ውስጥ አደረግኩ፤ የስልኬን መብራት ከጀርባዋ አቆምኩ፤ ማጉያ መነጽር ይዤ ተቀመጥኩ። ማዞሪያውን ትንሽ አዞርኩ፤ ምንም። ሌላ ትንሽ፤ ምንም። ዘይነባ ልብሷን ልትወስድ መጥታ ከጀርባዬ ቆመች። ፀጉር ታህል ጨመርኩ።

ድፍርሱ ተነቃነቀ። መጀመሪያ ዓይኔ የተሳሳተ መሰለኝ። ከዚያ ያ ሁሉ የተምታታ፣ የትም የሚንሳፈፍ ብናኝ እንደታዘዘ ሁሉ ወደየቦታው ሄደ። ቀጫጭን መስመሮች ሆነ፤ በመስመርና በመስመር መካከል ያለው ፈሳሽ ወለል ብሎ ጠራ። ዓይኔ እያየ አንዲት ማንኪያ የማትሞላ ጠላ የተሰመረ ደብተር ሆነች። የነካት የለም። የሚሰማ የለም። ማዞሪያውን ዘወር ሳደርግ መስመሮቹ ይፈርሳሉ፤ ስመልሰው ይሰለፋሉ። ማን ነገራቸው? ግፊት ነው፤ አውቃለሁ፤ ቀመሩን ልጽፍላችሁ እችላለሁ። ማወቄ ግን መገረሜን አልቀነሰልኝም። ይልቁንም ሳውቀው ባሰብኝ።

«ተሰለፉ እኮ!» አለች ዘይነባ። «እንደ አየር ጤና ታክሲ!»

«አየር ጤና እንዲህ አይሰለፍም።»

«እውነትሽን ነው። እዚያ ተጋፊ አለ።» ጆሮዋን ወደ ብርጭቋ አስጠጋች። «ምንም አይሰማኝም።»

«እርሾውም አይሰማም። ይገፋዋል እንጂ።»

«ወይ ጉድ! እኔስ ይኸው ስንት ዓመት በሚሰማ ድምፅ ስጮኽ አንድ ልጅ ከሶፋ ላይ አልተነሣልኝም» አለች።

በዚች ብርጭቆ ጋኑን በሙሉ ለማጥራት ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ አሰላሁ። ቁጥሩን አልነግራችሁም፤ ብወልድ፣ የወለድኩት ቢወልድ፣ የልጅ ልጄ ለአንዱ ማኅበር ትደርስ ይሆናል። ስድስተኛው መልስ ያኔ ትዝ አለኝ፤ ጠብታ ጠብታ። ደንቡ እዚያ ላይ ማልቀስ ነበር። እኔ ግን አዲስ ገጽ ገልጬ «ብርጭቋ ብትጋደምስ?» ብዬ ጻፍኩ።

ሐሙስ እንደዚያ አለቀ። ዓርብ ብርጭቋ ውስጥ ጨው ጨመርኩ። ቅዳሜ ክፍል ውዬ ተመልሼ የአብሽ ዱቄት ከእርሾው ጋር ቀላቅዬ አብረው ይሰለፉ እንደሆነ አየሁ። ዳቦውንና ወጡን የአክስቴ ልጅ (ያቺው ደብተር የሌላት) ይዛልኝ ነበርና ስለ ድግሱ የሚያስታውሰኝ አልነበረም። ያቺ የሐሙስ ጠብታ ስለበቃችኝ ጋኑን አልከፈትኩም። እውነቱን ልናገር፤ ጋን መኖሩንም ረሳሁት።

እሑድ ጠዋት የግቢው በር ሲንኳኳ ጋኑ ትዝ አለኝ። ሮጥኩ። ክዳኑን አነሣሁ።

ጋኑ ውስጥ ሻሿ የተንሻፈፈባት፣ መነጽር ያደረገች፣ አፏን የከፈተች ሴት አየችኝ። እኔ ነበርኩ። ጠርቷል! ሦስት ቀን የነካው ስላልነበረ እርሾው በገዛ ጊዜው ወርዶ ሥር ተኝቷል። አንድ ያልሞከርኩት ሙከራ ነበር፤ ምንም አለማድረግ። እሱን ደግሞ ሳላውቀው ሠራሁት። ደብተሬን ፈልጌ፣ ያቺን የድሮ መስመር አግኝቼ «ምክንያት ተገለጸ» ብዬ ጨመርኩባትና እንግዶቼን ልቀበል ወጣሁ።

የማኅበሩ የነፍስ አባት፣ አባ፣ ማዕዱን ባረኩ፤ ጽዋው ተቀመሰ፤ ዳቦው ተቆረሰ፤ ጠላ ተቀዳ። እማማ ጥሩነሽ ብርጭቋቸውን ወደ መስኮቱ አንሥተው በውስጡ የግቢውን ዛፍ አዩበት። ተጎነጩ። ቤቱ ሁሉ የሚያየው እሳቸውን ነው።

«የእናትሽ ነው» አሉ።

  ወንበሩን አገኘሁ። ልብ ያላት ሴት እዚህ ላይ አቀርቅራ፣ እጅ ነሥታ፣ ወጥ ትጨምራለች።

«ይሄ በነጠላ የተሸፈነውስ ምንድነው?» አሉ እማማ ጥሩነሽ። «ሰው አረቄ ያለው ይሄንን ነው?»

የትምህርት ዕቃ ነው ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ዝምተኛ ነኝ ብያችኋለሁ፤ ዝምተኛ ሰው አንዴ ከጀመረ ግን ፍሬን የለውም። ነጠላውን ገለጥኩ፤ ስለ ሂያጁና ስለ ተመላሹ፣ ስለሚናወጠውና ጸጥ ስለሚለው ተናገርኩ። «እንዲያውም ላሳያችሁ» አልኩ። ብርጭቋን አነሣሁ፤ ጠላ ጨመርኩ፤ ማዞሪያውን አስተካከልኩ። ምንም የለም። ለካ የጠራ ጠላ ውስጥ የሚለይ ነገር የለም! ለማሳየት ድፍርስ ያስፈልገኛል። ድፍርሱ ደግሞ ያለው ጋኑ ሥር ነው።

ረጅሙ ቱቦዬ እስከ ሥር እንደሚደርስ ትዝ አላለኝም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልለካ የሠራሁት ነገር ይህ ነው። የእናቴን ጋን እንዳለ አቅፌ ወዘወዝኩት።

አሥራ ሁለት አፍ በአንድ ጊዜ «ኧረ!» አለ። አሥራ አንዱ ማኅበርተኛ፣ አንዱ አባ።

ጋኑን ለቀቅኩት። ወደ ውስጥ አየሁ። የሐምሌ ጎርፍ። ማንጠብጠቢያውን ከፍ አድርጌ ይዤ «አንድ ጠብታ ነው የምፈልገው» አልኩ። ይህንን ያልኩት ለማን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። የአክስቴ ልጅ ጓዳ በር ላይ ቆማ ሻሿን ስታስተካክል አየኋት፤ ወንበሩ ላይ ለመቀመጥ የተዘጋጀች መሰለኝ።

ሌላ የማደርገው ስላልነበረ ጠብታዬን ብርጭቋ ውስጥ አደረግኩ። እማማ ጥሩነሽ ወለሉን በምርኩዛቸው እየመቱ ተነሡ። መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ማጉያ መነጽሩን ሰጠኋቸው። ፀጉር ታህል አዞርኩ።

ተሰለፈ።

እማማ ጥሩነሽ አጎንብሰው ቆዩ። አንዱ «ምን ይታያል?» ሲል በምርኩዛቸው ዝም አሰኙት።

«ይሄ የማይሰማ ድምፅ ምን ይላቸዋል?» አሉ በመጨረሻ።

«ምንም አይላቸውም፣ እማማ። ከሚያናውጠው ይገፋቸዋል፤ ጸጥ ያለው ቦታ ሲደርሱ ይተዋቸዋል።»

«እኛንስ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል እንዲሁ አይደል የሚያደርገን» አሉ አባ ከወንበራቸው፣ ተራቸውን ለማየት እየተነሡ።

ይሄኔ መብራት ሄደ።

ሳጥኑ ጠፋ። «አይ!» አልኩ፤ ሰልፉ ይበተናል ብዬ። የስልኬ መብራት ግን ከብርጭቋ ጀርባ እንደበራ ነበርና እማማ ጥሩነሽ ዓይናቸውን አላነሡም። «ቆይ» አሉ። «ቆይ፣ ቆይ። እየወረደ ነው።» አብሬያቸው አጎነበስኩ። መስመሮቹ አልተበተኑም። ሲሰለፍ የተያያዘው እርሾ አሁን የሚይዘው ድምፅ ሲያጣ ጉብ ጉብ እንዳለ እንደ ካፊያ ወደ ሥር ወረደ። ከላይ ያለው ጠራ። ማንም አልነካውም።

«ያልኩሽ ይሄንን ነው» አሉ እማማ ጥሩነሽ። «አትንኪው ያልኩሽ።»

«ምክንያቱን አልነገሩኝም ነበር።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ምክንያቱን እኔ መቼ አወቅኩት? እናቴ አትንኪው አለችኝ፤ እሷንም እናቷ። ስድሳ ዓመት ጠምቄ አንድ ቀን ለምን ብዬ አላውቅም።» ወደ ብርጭቋ ተመለሱ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ለምንድነው?»

ነገርኳቸው። አንዱ ብናኝ ብቻውን ሲሆን ቀላል እንደሆነ፣ ትንሽ ንቅናቄ እንደሚያንሳፍፈው፤ ሲያያዝ ግን እንደሚከብድና እንደሚወርድ። እኔ ሃያ ሦስት ጊዜ በከፈትኩ ቁጥር ሊወርድ የተነሣውን መልሼ እንዳነሣሁት። በአርባ ስድስት ዓመቴ ሰው ጠይቆኝ መልሱን ሳውቅ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

መብራቱ ተመለሰ። ሁሉም በተራ ማየት ፈለገ፤ ተራው ሲያልቅ የጀመረው ደግሞ ልየው አለ፤ አባ ሦስት ጊዜ አዩ። በዚያ መሐል ድፍርሱን ጠላ ማን እንደቀዳው አላውቅም፤ ተጠጣ። ቅሬታ የተሰማው ከአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከአክስቴ ልጅ።

ጽዋው ለሚቀጥለው ተረኛ የሚሰጥበት ሰዓት ደረሰ። እማማ ጥሩነሽ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ይቺ ልጅ ቅድም የእናቷን ቦታ አግኝታ ነበር» አሉ። «ጋኑን ስትወዘውዘው እሱን ጣለችው።» ማንጠብጠቢያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። «አሁን ያለችበት የራሷ ነው። ዓመት ተራዋ ሲደርስ ግን ጠላውን እኔ ቤት ነው የምጠምቅላት። ጋኑንም ቆልፌበት፣ ቁልፉን ደብቄ።»

ማኅበሩ በሙሉ «ይሁን» አለ።

ዓመቱ ሊደርስ አራት ወር ቀርቶታል። ወር በገባ ቁጥር ወንበሬ ላይ እቀመጣለሁ፤ እማማ ጥሩነሽም ከጎኔ ተቀምጠው አዲስ «ለምን» ያመጣሉ፤ ሊጥ ለምን ኩፍ ይላል፣ እርጎ ለምን ይረጋል እያሉ። የማውቀውን እመልሳለሁ፤ የማላውቀውን እጽፋለሁ። እስካሁን እሳቸው የማይመልሱልኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ቁልፉ የት እንደሚደበቅ። የጓዳቸውን መደርደሪያ አይቻለሁ፤ የለም። ከፍራሽ ሥር ሊሆን ይችላል። እየመረመርኩ ነው።